ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በኋላ የሚወሰዱ መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው በየክትትል ቀጠሮው የሚያነሷቸው ሲሆኑ፣ መልሶቹ ከሐኪም ጋር የሚደረገውን ውይይት ለማገዝ እንጂ ለመተካት አልተጻፉም።

መድኃኒቶቹን ዕድሜ ልክ መውሰድ ለምን ያስፈልጋል?

የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት የራሱን ሴል ከባዕድ ሴል የሚለየው በሴሎች ላይ በሚገኙ መለያ ምልክቶች ነው። ከወላጅ፣ ከወንድም ወይም ከማይታወቅ ለጋሽ የተገኘ ኩላሊት ምርመራው የቱንም ያህል ተስማሚ ነው ቢል ምልክቶቹ ሙሉ በሙሉ አንድ ስለማይሆኑ፣ ሥርዓቱ አዲሱን ኩላሊት እንደ ወራሪ ቆጥሮ ያጠቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪ ያከናወኑት የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያለ እነዚህ መድኃኒቶች ሊሳካ የቻለው ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ መንገዱን የከፈቱት የሥርዓቱን ጥቃት የሚገቱት መድኃኒቶች ናቸው።

«ኩላሊቱ ለ10 ዓመት በሰላም ከሠራ ሰውነቴ ለምዶታል ማለት አይደለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከልብ የሚጠየቅ ነው፤ የማይጠይቅ ሰውም ጥቂት ነው። መልሱ ግን አይደለም ነው። ኩላሊቱ በሰላም የሠራው መድኃኒቱ በየዕለቱ ሥርዓቱን ስለገታው እንጂ ሥርዓቱ ባዕድነቱን ስለረሳው አይደለም። መድኃኒቱን ከብዙ ዓመታት በኋላ ያቋረጡ ሰዎች ኩላሊታቸውን በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሊያጡ ይችላሉ፤ ጉዳቱ ሲጀምር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም።

ሁለትና ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ የሚታዘዘው ለምንድን ነው? አንዱ ቢበቃ የጎንዮሽ ጉዳቱ አይቀንስም?

ነገሩ በተቃራኒው ነው። በአንድ መድኃኒት ብቻ ሥርዓቱን ለመግታት ቢሞከር የሚያስፈልገው መጠን ከፍተኛ ስለሚሆን የዚያ መድኃኒት ጉዳት ይበረታል። እያንዳንዱ መድኃኒት የተለያየ ቦታ ላይ ስለሚሠራ ሦስቱን በዝቅተኛ መጠን ማጣመር ይሻላል፤ በብዛት የሚታዘዘው ጥምረትም ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን ነው። ሰውነት ኩላሊቱን ላለመቀበል በጣም የሚታገለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ መጠኑም ከፍተኛ የሚሆነው ያኔ ነው፤ ስለዚህ በሁለተኛው ወር የሚሰማዎት ስሜት በቀሪው ዘመንዎ የሚሰማዎት ነው ብለው ተስፋ አይቁረጡ።

የትኛው መድኃኒት የትኛውን የጎንዮሽ ጉዳት ያመጣል?

ታክሮሊመስ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የፀጉር መሳሳት፣ የደም ግፊትና የስኳር መጨመር ያመጣል፤ በደም ውስጥ ፖታሲየምን ከፍ፣ ማግኒዥየምን ዝቅ ያደርጋል። በዕድሜ የእሱ ታላቅ የሆነው ሳይክሎስፖሪን ተመሳሳይ ባሕርይ አለው፤ ነገር ግን ፀጉር ከማሳሳት ይልቅ ፊትና ገላ ላይ ፀጉር ያበቅላል፣ ድድን ያሳድጋል፣ ኮሌስትሮልንና ሪህ የሚያስነሣውን ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋል። በሳይክሎስፖሪን ምክንያት ፊቷ ላይ ፀጉር የበቀለባት ወጣት ሴት የምትሸከመው ጭንቀት ቀላል አይደለም፤ «ኩላሊትሽ እስከሠራ ድረስ ምን ችግር አለው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ወደ ታክሮሊመስ መቀየር የሚቻልበት ዕድል ሰፊ ነው።

ማይኮፌኖሌት በዋናነት ሆድን ይነካል፤ ማቅለሽለሽ፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ የነጭ የደም ሴልን ቁጥርም ይቀንሳል። አዛታዮፕሪንም የነጭ የደም ሴልን ይቀንሳል፣ አልፎ አልፎ ጉበትን ይነካል። ሲሮሊመስና ኤቨሮሊመስ የአፍ ቁስል፣ የእግር እብጠትና የኮሌስትሮል መጨመር ያመጣሉ፤ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን እንዲታይ ያደርጋሉ፤ ቁስል ቶሎ እንዳይድን ስለሚያደርጉም ቀዶ ጥገና ከታቀደ ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ፕሬድኒሶሎን የራሱ ጥያቄ ስላለው ከታች ተመልሷል።

እጄ ይንቀጠቀጣል። አደገኛ ነው?

ብርጭቆ ሲያነሡ ወይም ፊርማ ሲፈርሙ የሚታይ ቀላል መንቀጥቀጥ የታክሮሊመስ የተለመደ ጉዳት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ክኒኑ ከተወሰደ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይብሳል፣ የመጠኑ መቀነስም ያሻሽለዋል። ቀስ ብሎ የሚለቀቀውና በቀን አንዴ የሚወሰደው ዓይነት ለአንዳንድ ሰዎች ይቀላቸዋል። ይሁን እንጂ መንቀጥቀጡ በድንገት ከባሰ፣ ከብርቱ ራስ ምታት፣ ከዓይን ብዥታ፣ ከግራ መጋባት ወይም ራስን ከመሳት ጋር ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት መታየት ያስፈልጋል።

ፊቴ ሞላ፣ ክብደቴ ጨመረ፣ ጠባዬም ተለወጠ። ፕሬድኒሶሎኑን ላቁመው?

በራስዎ ፈቃድ በፍጹም አያቁሙት። ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ በተፈጥሮ የሚያመነጨው ተመሳሳይ ንጥረ ቅመም (ሆርሞን) አለ፤ ከውጭ ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት ሲገባ ዕጢው ሥራውን ያቆማል። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ዕጢው ወዲያው ስለማይነቃ ብርቱ ድካም፣ ማስመለስና የደም ግፊት መውደቅ ይከሰታል፤ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። ኩላሊቱን ያለመቀበል አደጋም በላዩ ላይ ይጨመራል።

የሚያዩት ለውጥ ግን እውነተኛ ነው። ፕሬድኒሶሎን የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፣ ስብ በፊት፣ በሆድና በማጅራት ላይ እንዲከማች ያደርጋል፣ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ ቁጣ፣ ሐዘን ወይም ያለ ምክንያት የሚመጣ ደስታ ሊያሳይ ይችላል። ቤተሰብ ይህን ማወቁ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የተለወጠው ሰውዬው ሳይሆን መጠኑ መሆኑን ሲረዱ የቤቱ ሰላም ይመለሳል። መጠኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ በብዙ ሰዎች ላይ በቀን 5 ሚሊግራም አካባቢ ስለሚደርስ ፊትም በዚያው ልክ ይጎድላል። ጠዋት ከምግብ ጋር መውሰድ ለጨጓራም ለእንቅልፍም ይረዳል።

ከመልክ ለውጥ ይልቅ የሚያሳስቡት ዝም ብለው የሚመጡት ጉዳቶች ናቸው፦ የአጥንት መሳሳት፣ የዓይን ሞራ ግርዶሽና ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚሄደው ደም ሲቀንስ የሚመጣው የአጥንት መሞት። በብሽሽት ወይም በዳሌ አካባቢ የሚጀምርና ሲራመዱ የሚብስ ሕመም ካለ የጡንቻ ድካም ነው ብለው አይለፉት፤ በጊዜ ከታየ መገጣጠሚያውን ማዳን ይቻላል።

ከንቅለ ተከላው በፊት ስኳር አልነበረብኝም። አሁን ከየት መጣ?

ታክሮሊመስ ቆሽት ኢንሱሊን የማመንጨት አቅሙን ይቀንስበታል፤ ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ሰውነት ያለውን ኢንሱሊን በአግባቡ እንዳይጠቀም ያደርገዋል። ሁለቱ ሲገናኙ፣ በተለይ ዕድሜው በገፋ፣ ክብደቱ በጨመረ ወይም በቤተሰቡ ስኳር ባለበት ሰው ላይ፣ ስኳር ይታያል። አንዳንድ ጊዜ የፕሬድኒሶሎኑ መጠን ሲቀንስ ይጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ይቀራል፤ እንደ ማንኛውም ስኳር በሽታ በምግብ፣ በእንቅስቃሴና በመድኃኒት መያዝ አለበት።

ብዙዎችን የሚያሳስተው አንድ ነገር አለ። ጠዋት የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን ስኳርን የሚያንረው ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ ስለሆነ፣ በባዶ ሆድ ጠዋት የተለካው ቁጥር መልካም ሆኖ ሳለ ስኳሩ ማታ ከፍ ብሎ ሊያድር ይችላል። የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ምርመራም በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ማነስ ስላለ የተሳሳተ ምስል ይሰጣል። ጥማትና የሽንት ብዛት ከተሰማዎት ከምሳ በኋላም እንዲለካልዎት ይጠይቁ።

የደም ምርመራ ዕለት ጠዋት መድኃኒቱን ልውሰድ ወይስ ልተወው?

ታክሮሊመስን ደም ከተቀዳልዎት በኋላ ይውሰዱ። የሚለካው ከቀጣዩ መጠን በፊት በደም ውስጥ የቀረው ዝቅተኛው ልክ ሲሆን፣ በቀን ሁለቴ የሚወሰደው ዓይነት ከሆነ ደሙ መቀዳት ያለበት ካለፈው መጠን 12 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ክኒኑን ውጠው ከተቀዱ ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ይላል፤ ሐኪሙም በዚያ ቁጥር ተመርቶ መጠኑን ቢቀንስ ኩላሊቱ ለአደጋ ይጋለጣል። በስህተት ውጠው ከሄዱ አይደብቁ፤ ዛሬ ወስጃለሁ ብሎ መናገር በቂ ነው። ሌሎቹን መድኃኒቶች በተመለከተ እንደታዘዘልዎት ያድርጉ።

ተቅማጥ ያዘኝ። ከመድኃኒቱ ነው ወይስ ከምግብ?

ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱንም በግምት ማወቅ አይቻልም። ማይኮፌኖሌት የተለመደው ምክንያት ነው፤ መጠኑን በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ከፋፍሎ መውሰድ ወይም አንጀት ውስጥ ገብቶ ወደሚሟሟው ዓይነት መቀየር ብዙ ሰዎችን አሳርፏል። ነገር ግን ሳይቶሜጋሎ የሚባለው ቫይረስና ሌሎች የአንጀት ኢንፌክሽኖችም በተመሳሳይ መልክ ስለሚመጡ የሰገራና የደም ምርመራ ይቀድማል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ይጨመራል፦ ተቅማጥ ሲበረታ የታክሮሊመስ ልክ በደም ውስጥ አይቀንስም፣ ይጨምራል። አንጀት ራሱ ከመድኃኒቱ የተወሰነውን ሰባብሮ ያስቀር ነበር፤ ሽፋኑ ሲታመም ያ ሥራ ይቋረጣልና ከወትሮው የበዛ መድኃኒት ወደ ደም ያልፋል። የሰውነት ፈሳሽ መቀነስና የመድኃኒት መብዛት በአንድ ጊዜ ኩላሊቱ ላይ ይወርዳሉ። ስለዚህ ከአንድ ቀን በላይ የቆየ ብርቱ ተቅማጥ የታክሮሊመስ ልክንና ክሬቲኒንን (ኩላሊት ሲዳከም በደም ውስጥ የሚጨምረውን ቆሻሻ) ለማስለካት በቂ ምክንያት ነው።

ትኩሳት ቢኖረኝ ቤት ሆኜ ልጠብቅ?

አይጠብቁ። ሙቀትዎ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ቀን ለክትትል ቡድንዎ ያሳውቁ፤ ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ሊሸፍን ስለሚችልም ትኩሳት ሳይኖር ብርድ ብርድ ማለት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ወይም በኩላሊቱ አካባቢ ሕመም ቢሰማዎት ተመሳሳይ ነገር ያድርጉ። ኢንፌክሽን በጣም የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው። በዚያ ጊዜ ኮትሪሞክሳዞል የሚታዘዘው ኒሞሲስቲስ የተባለውን የሳንባ ምች ለመከላከል ሲሆን፣ ቫልጋንሲክሎቪር ደግሞ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስን ይጠብቃል፤ «አልታመምኩም» ብለው አይተዋቸው። ድሮ ሳይታወቅ በሰውነት ተኝቶ የነበረ ቲቢም ሆነ አልማዝ ባለጭራ የሚያስነሣው ቫይረስ ሊነቃ ይችላል።

ምልክት የሌለው ኢንፌክሽንም አለ። ቢኬ የሚባለው ቫይረስ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ሽንት መውረጃ ተኝቶ የሚኖር ሲሆን፣ በተተከለ ኩላሊት ውስጥ ሲባዛ ሕመም ሳይሰማ ክሬቲኒንን ከፍ ያደርጋል። ዋናው ሕክምና ተከላካይ ሥርዓቱን የሚገቱትን መድኃኒቶች መቀነስ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ደም ወይም ሽንት እየተወሰደ ይህ ቫይረስ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ክትባት መከተብ እችላለሁ?

ሕያው ተሕዋስ የሌለባቸውን፣ ማለትም የኢንፍሉዌንዛ፣ የሳንባ ምች፣ የሄፓታይተስ ቢና የኮቪድ ክትባቶችን መከተብ ይችላሉ፣ ይመከራልም፤ ጊዜውን ሐኪሙ ይወስናል። የተዳከመ ሕያው ተሕዋስ ያለባቸውን፣ ማለትም የኩፍኝ፣ የቢጫ ወባ፣ በአፍ የሚሰጠውን የፖሊዮና የቢሲጂ ክትባቶች ግን መውሰድ የለብዎትም። ንቅለ ተከላ የሚጠብቁ ከሆነ ያልተከተቧቸውን አሁኑኑ ያጠናቅቁ፤ ሰውነት ከተከላው በፊት የሚሰጠው ምላሽ የተሻለ ነው።

ሌላ ሐኪም መድኃኒት ቢያዝልኝ ወይም ከፋርማሲ ማስታገሻ ብገዛስ?

በእኔ እምነት ኩላሊት ከሚጠፋባቸውና ሊቀሩ ከሚችሉ ምክንያቶች መካከል ይህ ከቀዳሚዎቹ ነው። ታክሮሊመስን፣ ሳይክሎስፖሪንን፣ ሲሮሊመስንና ኤቨሮሊመስን ጉበትና አንጀት የሚሰባብሯቸው በአንድ ዓይነት ኤንዛይም ነው። ያንን ኤንዛይም የሚያግድ መድኃኒት ሲጨመር የእነሱ ልክ ይንራል፤ ኤንዛይሙን የሚያበዛ ሲጨመር ደግሞ ይወድቃል። ክላሪትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ፍሉኮናዞል፣ ኬቶኮናዞል፣ ዲልቲያዜምና ቬራፓሚል ከሚያንሩት ወገን ናቸው፤ ለኮቪድ የሚሰጠውና ሪቶናቪር ያለበት መድኃኒትም የታክሮሊመስን ልክ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ መርዛማ ደረጃ ሊያደርሰው ይችላል። የቲቢው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን በአንጻሩ ልኩን እጅግ ያወርዱታል። ግሬፕፍሩት የተባለው ፍሬ ከሚያንሩት ጋር ይቆጠራል።

እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች በልኩ ላይ ሳይሆን በቀጥታ በኩላሊቱ የደም ፍሰት ላይ ጉዳት ስለሚያደርሱ ያስወግዷቸው፤ ለቀላል ሕመም ፓራሲታሞል በተገቢው መጠን ይሻላል። አዛታዮፕሪን የሚወስድ ሰው ለሪህ አሎፑሪኖል ቢታዘዝለት የነጭ የደም ሴሉ በአደገኛ ሁኔታ ሊያሽቆለቁል ይችላል። ዕፀዋትና «የሰውነትን መከላከያ ያጠነክራሉ» የሚባሉ ነገሮችም ለእርስዎ ጥቅም አይደሉም፤ መድኃኒቱ እንዲዳከም የሚፈልገውን ሥርዓት ለማጠንከር መሞከር ከራስ ጋር መታገል ነው። አዲስ መድኃኒት ሲጀመር ብቻ ሳይሆን ሲቆምም የደም ልክ እንደገና መለካት አለበት፤ ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

መጠን ብረሳ፣ ባስመልስ ወይም የፋብሪካው ስም ቢቀየርብኝስ?

በቀን ሁለቴ የሚወስዱትን መድኃኒት ከሰዓቱ ጥቂት ሰዓት አልፎ ካስታወሱ ወዲያው ይውሰዱት፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን ያለፈውን ይተዉት እንጂ ሁለቱን በአንድ ላይ አይዋጡ። ደጋግመው የሚያስመልስዎት ከሆነ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ስለማይቆይ በዚያው ዕለት ሐኪምዎን ያነጋግሩ፤ መድኃኒቱ በደም ሥር መሰጠት ሊኖርበት ይችላል።

ቶሎ የሚለቀቀው ታክሮሊመስና ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ታክሮሊመስ ስማቸው አንድ ቢሆንም እርስ በርስ አይተካኩም። ፋርማሲው ቀለሙ ወይም ማሸጊያው የተለየ ከሰጠዎት ከመዋጥዎ በፊት ይጠይቁ፤ መቀየሩ ግድ ከሆነም ልኩ በቅርብ ጊዜ ይለካ።

መድኃኒቶቹ ካንሰር ያመጣሉ የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ አደጋውን ይጨምራሉ። ተከላካይ ሥርዓቱ ሊበላሹ የጀመሩ ሴሎችንና ካንሰር አምጪ ቫይረሶችን የመቆጣጠር ሥራም ስላለው፣ ሲገታ ያ ጥበቃ ይላላል። በጣም የሚበዛው የቆዳ ካንሰር ነው፤ የሊምፍ ካንሰር፣ የማኅፀን በር ካንሰርና ካፖሲ ሳርኮማ የተባለው፣ ብዙውን ጊዜ በቆዳ ላይ የሚታይ ካንሰርም ከወትሮው በላይ ይታያሉ። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች የቆዳ ካንሰሩ ያነሰ ቢሆንም የለም ማለት አይደለም።

በእጅዎ ያለው ግን ጥቂት አይደለም። ረጅም እጅጌና ሰፊ ባርኔጣ፣ በፀሐይ መከላከያ ቅባት መጠቀም፣ በየዓመቱ ቆዳን ማስመርመር፣ ለሴቶች የማኅፀን በር ምርመራን አለማስተጓጎል ሁሉም ለውጥ ያመጣሉ። የማይድን ቁስል፣ በቆዳ ላይ የሚያድግ ወይም የሚደማ ኪንታሮት፣ ያበጠ ዕጢ ካዩ ያሳዩ። የቆዳ ካንሰር ወይም ካፖሲ ሳርኮማ ሲገኝ ከታክሮሊመስ ወደ ሲሮሊመስ መቀየር አንዱ አማራጭ ነው።

መውለድ እፈልጋለሁ። መድኃኒቶቹ ይፈቅዳሉ?

አንዳንዶቹ ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዶቹ ፈጽሞ አይፈቅዱም። ማይኮፌኖሌት ፅንስ ያስወርዳል፣ የጆሮ፣ የከንፈርና የላንቃ አፈጣጠር ጉድለት ያስከትላል፤ ስለዚህ ከመፀነስ ቢያንስ 6 ሳምንት በፊት መቆምና በአዛታዮፕሪን መተካት አለበት። ሲሮሊመስና ኤቨሮሊመስም አስቀድመው ይቀየራሉ፤ ታክሮሊመስ፣ አዛታዮፕሪንና ዝቅተኛ መጠን ያለው ፕሬድኒሶሎን ግን በእርግዝና ወቅት ይቀጥላሉ። ቅያሪው ከተደረገ በኋላ ኩላሊቱ መረጋጋቱን ማየት ስለሚያስፈልግ፣ በአብዛኛው ከተከላው ቢያንስ 1 ዓመት መቆየት ይመከራል። በእርግዝና ጊዜ የታክሮሊመስ ልክ ስለሚወርድ ቶሎ ቶሎ ይለካል።

ከዲያሊሲስ በኋላ የወር አበባ የተቋረጠባት ሴት መፀነስ እንደማትችል ታስብ ይሆናል፤ የመፀነስ ችሎታ ግን ከተከላው በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ሊመለስ ስለሚችል የወሊድ መቆጣጠሪያ ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት።

ኩላሊቱን የሚጠብቀው መድኃኒት ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል ይባላል። እንግዲያው ብቀንሰው አይሻልም?

ታክሮሊመስና ሳይክሎስፖሪን ወደ ኩላሊቱ ማጣሪያ የሚገባውን ጠባብ የደም ሥር ያጠባሉ። ልካቸው ሲንር ክሬቲኒን ይጨምራል፤ መጠኑ ሲቀንስ ይመለሳል። ለዓመታት ሲቀጥል ደግሞ በኩላሊቱ ውስጥ ጠባሳ ሊተዉ ይችላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሐኪሞችም የታክሮሊመስን ዒላማ ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ ዝቅ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ቀደም ሲል «የመድኃኒት ጉዳት» እየተባለ ይመዘገብ ከነበረው የኩላሊት መዳከም ብዙው፣ ሰውነት በኩላሊቱ ላይ ቀስ እያለ ባመረተው ፀረ እንግዳ አካል የመጣ መሆኑ በኋላ ታውቋል። ያ ጥቃት የሚነሣው ደግሞ መድኃኒቱ ሲበዛ ሳይሆን ሲያንስና ሲቆራረጥ ነው። ኩላሊቱን ለማዳን ብሎ በራሱ የቀነሰ ሰው ኩላሊቱን ለባሰው ጠላት አሳልፎ ሊሰጠው ይችላል። ያለ ታክሮሊመስ መኖር የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አማራጭ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደው ቤላታሴፕት በደም ሥር የሚሰጥ ሲሆን የኩላሊቱን የደም ሥር አያጠብም፤ ኤፕስታይን ባር የተባለው ቫይረስ ቀድሞ ላልነካው ሰው ግን በሊምፍ ካንሰር ስጋት ምክንያት አይሰጥም።

ክሬቲኒን ሲጨምር ምክንያቱ የመድኃኒት መብዛት፣ የመድኃኒት ማነስ፣ ቢኬ ቫይረስ፣ የሽንት ቧንቧ መዘጋት ወይም የሰውነት ፈሳሽ መቀነስ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናቸውም እርስ በርሱ ይቃረናል፤ ለአንዱ መጠኑ ይቀነሳል፣ ለሌላው ይጨመራል። የደም ልክ፣ አልትራሳውንድና የቫይረስ ምርመራ ካልለዩት ከኩላሊቱ በቀጭን መርፌ ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ባዮፕሲ ሲታዘዝልዎት የሚፈለገው መጠኑ ወደ ላይ ይሂድ ወይስ ወደ ታች የሚለውን ለማወቅ ነው።